ሆድ በሌሊት ሲጠነክር መጀመሪያ ውሃ

ዘጠነኛ ወር ላይ ሆዳችሁ በሌሊት ጥጥር ሲል "ምጥ መጣ!" ብላችሁ ባጃጅ ከመጥራታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ሽንት ቤት ግቡ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ከዚያ ቆማችሁ ከነበረ በግራ ጎናችሁ ጋደም በሉ፤ ተኝታችሁ ከነበረ ደግሞ ተነስታችሁ ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ በሉ።

የባሕር ዳርን የመጋቢትና የሚያዝያ ሙቀት ታውቁታላችሁ። ቀኑን ሙሉ ሲያልባችሁ ውላችሁ ውሃ ካልጠጣችሁ ማህፀን መኮማተር ሊጀምር ይችላል። የሞላ ፊኛም ሊቀሰቅሰው ይችላል። የውሸት ምጥ (ወደ መውለድ የማያደርስ የማህፀን መኮማተር) ከሆነ ብዙ ጊዜ በዚህ ይረግባል።

ካልረገበ ሞባይላችሁ ላይ ሰዓት ያዙ፤ አንዱ መኮማተር ከጀመረበት ቀጣዩ እስከሚጀምርበት ድረስ ቁጠሩ። የውሸቱ ዝብርቅርቅ ነው፤ አንዴ በ10 ደቂቃ፣ አንዴ በ25 ይመጣል። የእውነቱ ግን እየተቀራረበ፣ እየበረታ፣ እየረዘመ ይሄዳል። ቦታ ብትቀይሩም አይተዋችሁም።

እባካችሁ፣ ደም ካያችሁ፣ የእንሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ወይም 37 ሳምንት ሳይሞላ ሆዳችሁ ቶሎ ቶሎ ከጠነከረ ውሃ እየጠጡ መጠበቅ የለም። ወዲያው ወደ ሐኪም ሂዱ። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለዳችሁም እንዲሁ። የጣና ደሴቶች ላይ የምትኖሩ እህቶች ደግሞ በሌሊት ጀልባ ማግኘት ከባድ ነውና ቀኑ ሳይደርስ ስለ እናቶች ማቆያ (ነፍሰ ጡሮች እስኪወልዱ ድረስ የሚቆዩበት ቤት) ጤና ጣቢያውን ጠይቁ።