በክፍል ውስጥ ለመናገር ለምትፈሩ ተማሪዎች
ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ በክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ወይም ጽሑፍ ማቅረብ የሚያስፈራችሁ ከሆነ፣ ልምምዱን ከፋሲል ግቢ ጀምሩት። ከጥቂት ጓደኞቻችሁ ጋር አስጎብኚ ያዙና አስቀድማችሁ በወረቀት የጻፋችሁትን አንድ ጥያቄ፣ ለምሳሌ የአፄ ፋሲል ቤተ መንግሥት ከልጃቸው ከአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት በአሠራሩ በምን እንደሚለይ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጠይቁ። በዚያ ውጤት የሚሰጥ መምህር የለም።

ዋናው ነገር ልባችሁ እየመታም ቢሆን ከቦታው አለመራቅ ነው፤ ምክንያቱም በፈራ ቁጥር የሚሸሽ ሰው ያዳነው መሸሹ ስለሚመስለው በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ይበረታበታል፣ ስሜቱ እስኪበርድ የቆየ ግን የፈራው ነገር አለመድረሱን በራሱ ያያል። ቀጥሎ በክፍል ውስጥ ጥያቄያችሁን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አቅርቡ፤ «ትንሽ ቆይቼ» እያሉ መቀመጥ ጭንቀቱን ያባብሰዋልና።

ዘዴው እውነተኛ አደጋ ላለበት ነገር አይሆንም፤ ዋና የማይችል ተማሪ ፍርሃቱን ለማሸነፍ ብሎ በጥምቀት ዕለት ወደ ፋሲል መዋኛ ዘሎ መግባት የለበትም። ፍርሃቱ እንቅልፍ የሚነሳ ወይም ከትምህርት የሚያስቀር ከሆነም የሥነ ልቦና ባለሙያ ማማከር ይቀድማል።