ስኳር ካለባችሁ የደም ቅባቱንም አስለኩ
ስኳር ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ለስኳሩ ቁጥር ብቻ ነው። ልብን የሚጎዳው ግን እሱ ብቻ አይደለም። ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር የደም ሥርን ግድግዳ ይጎዳል፤ ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎ የደም ቅባት (ኮሌስትሮል) ደግሞ እዚያው ገብቶ እየተጠራቀመ መተላለፊያውን ያጠብበዋል። ስለዚህ የሦስት ወር አማካይ ስኳርን የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ ቢያንስ በዓመት 2 ጊዜ፣ የደም ቅባትን ደግሞ በዓመት አንዴ ተመርመሩ። ለብዙ አዋቂዎች ኤችቢኤዋንሲ ከ7% በታች ቢሆን ይመረጣል፤ የእናንተን ግብ ግን ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ። ዕድሜያችሁ 40 ካለፈ፣ ኮሌስትሮላችሁ ደህና ቢመስልም እንኳ፣ ስታቲን ስለሚባለው የኮሌስትሮል መቀነሻ መድኃኒት ጠይቁ። ከታዘዘላችሁ ደግሞ እባካችሁ፣ ደህና ነኝ ብላችሁ አታቋርጡት፤ የደም ቅባት ሲጨምር ምንም አያምም። ሲጋራ የምታጨሱ ከሆነ ዛሬውኑ ማቆም ጀምሩ።