ከጅማ ሆኖ ከውጭ አገር በኢንተርኔት ሲገዙ ገንዘብን የማስመለሻ መንገድ አስቀድሞ ስለማበጀት

ጅማ ውስጥ «ከቻይና አዘዝኩ» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ ያዘዘው ራሱ አይደለም። የዕቃውን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ያያል፣ ዕቃ ለሚያመጣ ሰው በቴሌብር ወይም በባንክ ብር ይልካል፣ ከዚያም ይጠብቃል። በውጭ ምንዛሬ የሚከፍል ካርድ በየሰዉ ኪስ ስለሌለ አሠራሩ የሚያስወቅስ አይደለም፤ ነገር ግን የገበያው ድረ ገጽም ሆነ ካርዱን የሰጠው ባንክ እንደ ገዢ የሚያውቁት አምጪውን እንጂ እርስዎን ስላልሆነ፣ ዕቃው ተሰብሮ ቢመጣ ወይም ጭራሹን ቢቀር ቅሬታ ማቅረብ የሚችለው እርሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ነገሩ ቢበላሽ ገንዘቡ በማን በኩል፣ በምን መንገድና እስከ መቼ ሊመለስ እንደሚችል ይጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ የሌለው ግዢ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ባይገዛ ይሻላል ባይ ነኝ።

በአምጪ በኩል የሚገዙ ከሆነ ሕግ ፊት በቅርብ የሚያገኙት ሻጭ አምጪው ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ደግሞ አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት እንዳይነፈግ ስለሚያደርግ የቴሌግራም ንግግርዎ ዋጋ ያለው ማስረጃ ነው። ይሁን እንጂ ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው እንደሚችል አይርሱ፤ ስምምነቱ እንደተደረገ ስክሪንሾት አንስተው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ስምምነቱ የአምጪውን ሙሉ ስምና የንግድ ፈቃድ፣ የዕቃውን ሊንክ፣ የትእዛዙን ቁጥር፣ እንዲሁም ዕቃው በተባለው ቀን ባይደርስ ማን ስንት እንደሚመልስ የያዘ ይሁን። «እንተማመናለን» የሚለው መልስ ምንም አይተካም።

የራስዎ ካርድ ካለዎት አቅምዎ ይጠነክራል። የቪዛና የማስተርካርድ ደንቦች፣ ዕቃው ያልደረሰው ወይም ከተባለው የተለየ ነገር የደረሰው ገዢ ካርዱን በሰጠው ባንክ በኩል ክፍያውን እንዲያስመልስ ይፈቅዳሉ፤ ባንኮች ይህን «ቻርጅባክ» ይሉታል። የጊዜ ገደቡ በአብዛኛው ጉዳይ 120 ቀን ሲሆን፣ ባንኩ በቅድሚያ ሻጩን ጠይቀው እንደነበር የሚያሳይ ጽሑፍ ይፈልጋል። በአንጻሩ በሐዋላ የተላከና ተቀባዩ ያነሣው ገንዘብ የሚመለስበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። አሊባባን በመሰሉ ገበያዎች ላይ ሻጩ «ከድረ ገጹ ውጭ ብትከፍል ቅናሽ አደርግልሃለሁ» ካለ፣ ቅናሹ የሚገኘው የገበያውን ዋስትና በመልቀቅ ስለሆነ አይቀበሉ። በአድራሻው መስመር ላይ የምትታየው የቁልፍ ምልክትም መልእክቱ በመንገድ ላይ እንደማይነበብ እንጂ ሻጩ ሐቀኛ እንደሆነ አትናገርም፤ አጭበርባሪም ቁልፍ ይገዛል።

ቀን አቆጣጠር ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ነው። 03/04 ተብሎ የተጻፈ ቀን ለአሜሪካዊ ማርች 4፣ ለአውሮፓዊ ኤፕሪል 3 ስለሆነ ሻጩ ወሩን በፊደል እንዲጽፍ ይጠይቁ፤ ከዚያም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለውጠው ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ያክብቡት። ቻይና በሰዓት ከእኛ በ5 ስለምትቀድም፣ በቤጂንግ እኩለ ሌሊት ላይ የሚዘጋ የቅሬታ በር ጅማ ላይ የሚዘጋው ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። «ማታ ቤት ገብቼ እጽፋለሁ» ያለ ሰው አንድ ቀን አለኝ ብሎ ሲያስብ ቀኑ አልፎበት ያገኘዋል።

ሻጩ የመከታተያ ቁጥር ሲልክ ዝም ብለው አይመኑት። በፖስታ የሚመጣ ዕቃ ቁጥር በዓለም አቀፉ የፖስታ ኅብረት ደንብ መሠረት 13 ምልክቶች አሉት፤ ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ዘጠኝ አኃዞች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የላኪውን አገር የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት። ዘጠነኛው አኃዝ የስምንቱ ማረጋገጫ ስለሆነ ቁጥሩ በዘፈቀደ የተጻፈ መሆን አለመሆኑን በወረቀትና በእርሳስ ማወቅ ይቻላል። ስምንቱን አኃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ በ6፣ በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9 እና በ7 ያባዙ፤ ውጤቶቹን ደምረው ለ11 ያካፍሉ፤ ቀሪውን ከ11 ይቀንሱ። ለምሳሌ 12345678 ቢሆን ድምሩ 204 ይመጣል፣ ለ11 ሲካፈል 6 ይቀራል፣ 11 ሲቀነስ 6 ደግሞ 5 ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛው ቁጥር 123456785 ነው። ልዩነቱ 10 ከሆነ 0፣ 11 ከሆነ 5 ይጻፋል። ስሌቱ ካልገጠመ ቁጥሩ ወይ በስህተት ተጽፏል ወይ የፈጠራ ነው፤ ከገጠመም የሌላ ሰው ጥቅል ቁጥር ሊሆን ስለሚችል፣ ጥቅሉ ወደ ኢትዮጵያ እየመጣ መሆኑን መከታተያው ላይ ያረጋግጡ። የግል አድራሾች ቁጥር ሌላ ቅርጽ ስላለው ይህ ስሌት ለእነርሱ አይሠራም።

ዕቃው ሲደርስ የሚደረገውን የተማርኩት ዋጋ ከፍዬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቡና እርጥበት መለኪያ አዝዤ፣ ፖስታ ቤት ሄጄ ፈርሜ ተቀበልኩና በዝናብ በባጃጅ ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ውስጡ አንድ የቁልፍ መያዣ ነበር። ጥቅሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ክብደቱን 40 ግራም ይላል፤ መለኪያው ግን ከግማሽ ኪሎ አያንስም። ወረቀቱን ፖስታ ቤቱ ውስጥ እያለሁ አንብቤው ቢሆን ኖሮ ክርክሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ እኔ ግን ካርቶኑን ቀድጄ ጥዬዋለሁ። ቅሬታ ስከፍት ሻጩ በጣም ትሑት ሆኖ «ቅሬታውን ዝጋልኝ፣ ገንዘብህን ዛሬውኑ እልካለሁ» አለኝ፤ ዘጋሁለት፣ ገበያው ቅሬታ የሚቀበልበት የጥበቃ ጊዜም አለፈ፣ እርሱም ጠፋ።

እርስዎ እንዲህ ያድርጉ። ጥቅሉን ሳይከፍቱ ስድስቱንም ጎኖች፣ አድራሻውንና ክብደቱ የተጻፈበትን ወረቀት ፎቶ ያንሱ፤ የረጠበ ወይም የተከፈተ ከሆነ ለፖስታ ቤቱ ሠራተኛ አሳይተው በጽሑፍ እንዲይዙልዎ ይጠይቁ። ከዚያ ሰው ስልክ ይያዝልዎና ከመቀስ እስከ ዕቃው ድረስ ሳይቋረጥ በአንድ ቪዲዮ ይቅረጹ። ኤሌክትሪክ ነክ ከሆነ ሶኬት ውስጥ ከመክተትዎ በፊት ጀርባው ላይ ያለውን ቮልት ያንብቡ፤ በአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራ ዕቃ በእኛ 220 ቮልት ሲቃጠል ጥፋቱ የገዢ ይሆናል። ገንዘቡ ሂሳብዎ ውስጥ ሳይገባ የተከፈተ ቅሬታ በፍጹም አይዝጉ።

ቅሬታው አጭር ይሁን። ንዴትን የሚያነብ ሰው የለም፤ የሚነበበው ቁጥርና ቀን ነው። «የትእዛዝ ቁጥሬ ይህ ነው። ያዘዝኩት የእርጥበት መለኪያ ነው፤ የደረሰኝ የቁልፍ መያዣ ነው። ክብደቱ 40 ግራም እንደሆነ የሚያሳየው ፎቶና የተከፈተበት ቪዲዮ ተያይዟል። ሙሉ ክፍያዬ እንዲመለስ እጠይቃለሁ።» ይህን በቀላል እንግሊዝኛ አስተርጉመው በገበያው የቅሬታ ሣጥን ብቻ ይላኩ። ቀረጥ ለመቀነስ ሲሉ ሻጩ በጥቅሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ እንዲጽፍ ጠይቀው ከሆነ ጉምሩክ ዘንድ ከሚያስጠይቅዎ በላይ፣ ያ ዋጋ ተመልሶ በእርስዎ ላይ ማስረጃ ይሆናል።

ስለ ውጭ አገር ሕጎች ብዙ ተስፋ አያድርጉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ በኢንተርኔት የገዛ ሸማች በ14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጥ ግዢውን መተው ይችላል፤ ሆኖም ሻጩ በርሊን ስላለ ብቻ መብቱ ጅማ ላለ ገዢ ይደርሳል ብሎ መተማመን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2001 የተከፈተው ኢኮንሱመር ዶት ጎቭ የተባለው የብዙ አገሮች የሸማቾች ጥበቃ ተቋማት የጋራ መድረክ ድንበር ተሻጋሪ ቅሬታ ይቀበላል፤ ነገር ግን መረጃውን አጭበርባሪዎችን ለመከታተል ይጠቀምበታል እንጂ የእያንዳንዱን ሰው ገንዘብ አያስመልስም። ቅሬታዎን እዚያም ያስመዝግቡ፤ ባንክዎ ዘንድ ግን ቀድመው ይሂዱ፣ ምክንያቱም 120ው ቀን ሌላ ቦታ መልስ ሲጠብቁም ይቆጥራል።