የድሮ መኪና መለዋወጫ ሳይጎዳ እንዲደርስ እንዴት ይታሸጋል

ሃምሳ ስድሳ ዓመት ያስቆጠረ ካርቡራተር (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው የሞተር ክፍል) መንገድ ላይ ቢሰነጠቅ፣ ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ቆይቷልና ምትኩ በቀላሉ አይገኝም። ደግሞ ዕቃ የሚሰበረው ካርቶኑ ስለወደቀ ብቻ አይደለም፤ በአብዛኛው ካርቶኑ ውስጥ መንቀሳቀሻ ቦታ ስላገኘ ነው። አሥር ኪሎ የሚመዝን ብረት አምስት ሳንቲሜትር ክፍተት ካገኘ፣ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር እንደ መዶሻ የካርቶኑን ግድግዳ ይመታል። ዋናው ሥራ ይህን ክፍተት መዝጋት ነው።

ማሸግ ከመጀመራችሁ በፊት ዕቃውን በጥሩ ብርሃን ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሱት። የተቀረጸበትን ቁጥር፣ ቀድሞ የነበረውን ስንጥቅና ጭረት ለየብቻ ቀረብ ብላችሁ አንሱ፤ ካሳ መጠየቅ ቢመጣ ማስረጃችሁ ይኸው ነው። ጭቃውንና ቅባቱን አጽዱ፣ ግን በብርጭቆ ወረቀት አትፈትጉት። የቀረችው ትንሽ የፋብሪካ ቀለም ለሚያድሰው ሰው ትክክለኛውን ቀለም ትነግረዋለች። ተሰብሮ የወደቀ ቁራጭም አይጣል፤ ቅርጹን ለመቅዳት ያስፈልጋል።

ካርቡራተር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የነዳጅ ቋቱን ከፍታችሁ የቀረውን ቤንዚን አፍስሱ፤ ከእሳት ርቆ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ክፍቱን ይቆይ። አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ የቤንዚን ሽታ ካለ ገና አልደረቀም ማለት ነው። ትነቱ ተቀጣጣይ ስለሆነ የአየር ጭነት ላይ እንደ አደገኛ ዕቃ ይታያል፤ ጭነቱም እዚያው ሊታገድ ይችላል። ቋቱ ከደረቀ በኋላ ደግሞ በቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈው ክፍል (ተንሳፋፊው) ደጋፊ ስለሌለው በየንቅናቄው እየተወዛወዘ ማጠፊያውን ያጣምማል። ፈታችሁ በትንሽ ፌስታል ለብቻው አድርጉት፣ ወይም ዙሪያውን ለስላሳ ወረቀት ጠቅጥቁበትና «ውስጡ ወረቀት አለ» የሚል ምልክት ከውጭ እሰሩበት። ይህን ምልክት አትዝለሉት፤ ተረስቶ የቀረ ወረቀት ቀጫጭኑን የነዳጅ ቀዳዳ ይደፍናል። የብዙዎቹ አካል የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ሲያረጅ ይሰባበራል። ወደ ውጭ የወጣውን የነዳጅ መስጫ ማንሻ ምንም ነገር እንዳይጫነው፣ ጠንከር ያለ ፎም በቅርጹ ቆርጣችሁ እዚያ ውስጥ አስቀምጡት።

ባምፐርና ሌላም ክሮም የተቀባ ዕቃ ላይ ጋዜጣ አይጠቅለልም፤ የጋዜጣው ቀለም ይለቃል፣ እርጥበትም ይይዛል። ፕላስቲክም በቀጥታ ክሮሙ ላይ አይሁን። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ላብ ይፈጠርና ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉበት ዝገት ይጀምራል። መጀመሪያ አሲድ የሌለው ለስላሳ ወረቀት ወይም ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ ከዚያ ስስ ፎም፣ ከዚያ ባብል ራፕ። ባብል ራፑ አረፋው ወደ ውጭ ይዙር፤ ሙቀት ሲያገኝ የክቦቹን አሻራ ቀለም ላይ ያትማልና። ባምፐር ካርቶኑን የሚበሳው በሁለቱ ጫፎቹ ስለሆነ እነዚያን በወፍራም ካርቶን ደራርባችሁ ሸፍኗቸው።

ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን)፣ ክራንክ ሻፍት (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) እና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) በተራ ካርቶን አይላኩም። ዘይታቸውን ሙሉ በሙሉ አፍስሱ፤ ዘይት የጠጣ ካርቶን እንደ እርጥብ ዳቦ ይቀደዳል። የተሞረደው ገጽ ላይ ስስ ዘይት ቀቡ፣ ዝገት በሚከላከል ወረቀት ጠቅልሉ፣ ከላዩ ላስቲክ አልብሱት። ጓንት አድርጉ፤ የእጅ ላብ ጨው ስላለው ባዶ ብረት ላይ የጣት አሻራ ሆኖ ይዝጋል። የቴስታታው ጠፍጣፋ ገጽ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ (ስስ እንጨቶች ተደራርበው የተጣበቁበት ጣውላ) ይደረግበትና በራሱ የብሎን ቀዳዳዎች በኩል ይታሰር። ቫልቮቹ ከገጹ ወጣ የሚሉ ከሆነ በኮምፔርሳቶው ላይ ቦታ ቁረጡላቸው፣ አለዚያ ክብደቱ በሙሉ እነሱ ላይ ያርፋል። ክራንክ ሻፍት ደግሞ በዋናዎቹ አንገቶቹ (ሞተሩ ውስጥ በሚያርፍባቸው ክብ ቦታዎች) ላይ፣ በእንጨት በተቀረጸ መቀመጫ ላይ ይረፍ።

የፍጥነት መቁጠሪያና ሌሎች የዳሽቦርድ ሰዓቶች ሁለት ካርቶን ይፈልጋሉ። አንዱ ካርቶን ሌላው ውስጥ ይገባል፤ በመሃላቸው በስድስቱም ጎን ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር ማለስለሻ ይሞላል። መስታወት ተጋድሞ አይላክም፤ ጠርዙን በፎም ሸፍናችሁ በእንጨት ሳጥን ውስጥ አቁሙት፣ ምክንያቱም ስንጥቅ የሚጀምረው ከጠርዝ ነው።

ትንንሽ የፎም ፍሬዎች ለቀላል ዕቃ እንጂ ለብረት አይሆኑም። ብረቱ በመንቀጥቀጥ ብዛት ፍሬዎቹን ገፍቶ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። ባለ ሁለት ድርብ ካርቶን ተጠቀሙ፤ የሚሸከመው ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ታች ባለው ክብ ማኅተም ላይ ይጻፋል። ፕላስተሩ 5 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ይሁን፤ መካከለኛውን መገጣጠሚያና ሁለቱን የጎን ጠርዞች፣ ከላይም ከታችም ያዙ። ጨርሳችሁ ነቅንቁት። ድምፅ ከሰማችሁ ወይም ክብደቱ ሲዞር ከተሰማችሁ ክፈቱና እንደገና ሙሉት።

ለከባድ ዕቃ የእንጨት ሳጥን የምትሠሩ ከሆነ፣ ድንበር የሚሻገር ጥሬ እንጨት አይ.ኤስ.ፒ.ኤም 15 የተባለውን ዓለም አቀፍ ደንብ ማሟላት አለበት፤ ዓላማው ተባይ እንዳይሻገር ነው። በሙቀት የታከመ ከሆነ መሃሉ ድረስ 56 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት፣ የስንዴ ዘለላ ያለበት ማኅተምም ይመታበታል። ማኅተም የሌለው እንጨት ሊመለስ ወይም ሊቃጠል ይችላል። ኮምፔርሳቶ ብቻውን ከሆነ ደንቡ አይመለከተውም፤ ለዚህ ነው እኛ ከጥሬ እንጨት ይልቅ እሱን የምንመርጠው።

የነዳጅ ታንክ፣ ባትሪና ጋዝ ያለበት ሾክ አብዘርበር ከመላካችሁ በፊት አጓጓዡን ጠይቁ። አሮጌ የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራና ጓርኒሲዮን ደግሞ አስቤስቶስ (አቧራው ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን) ሊኖራቸው ይችላል፤ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2003 ማብቂያ ጀምሮ አስቤስቶስ ያለበትን ነገር ማስገባት ከልክላለች፣ የድሮ መኪና ዕቃም አይቀርለትም። አቧራውን በአየር አትንፉት።

ዋጋውን ቀድማችሁ አስሉ። ብዙ የአየር አጓጓዦች የካርቶኑን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት በሳንቲሜትር አባዝተው ለ5000 ያካፍላሉ፤ የሚያስከፍሉትም ከዚህና ከሚዛኑ በሚበልጠው ነው። 160 በ30 በ30 የሆነ የባምፐር ካርቶን ውስጡ 10 ኪሎ ቢሆን እንኳ 28.8 ኪሎ ይቆጠራል። ለጉምሩክ «የመኪና ዕቃ» ብቻ አትጻፉ፤ «ያገለገለ ካርቡራተር፣ የጸዳ፣ ነዳጅ የሌለበት» በሉ፣ የመኪናውን ዓይነትና ዓመተ ምርት ጨምሩ። የባምፐርና የመሳሰለው የታሪፍ ቁጥር 8708 ውስጥ ነው፣ የካርቡራተር ግን 8409 ውስጥ።

የዕቃ ዝርዝርና የሁለቱም ወገን አድራሻ በላስቲክ ተጠቅልሎ ካርቶኑ ውስጥ ይግባ፤ የውጩ ቢላጥ የሚያገናኘው እሱ ነው። ተቀባዩም ሲከፍት ፎቶ እያነሳ ይክፈት፣ የካሳው ጉዳይ እስኪያልቅ ድረስም ካርቶኑንና ማለስለሻውን ያቆይ።