ለገጠር የሕክምና ተልዕኮ የሚሄዱ ቡድኖች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

አሜሪካና አውሮፓ ካሉ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ሐኪሞችና ነርሶች ፈቃድ ወስደው፣ ትኬት ከኪሳቸው ቆርጠው ወደ ኢትዮጵያ ገጠር ይሄዳሉ። ትልቅ ነገር ነው። ግን ሁለት ሳምንት አክሞ የሚመለስ ቡድን ታካሚውን ጥሎ የሚሄደው ለአካባቢው ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ነው። ብዙው ስህተት የሚመጣው ይህን ከመርሳት ነው።

ቀኑን በራስ እረፍት መቁረጥ። ልጆች ከትምህርት የሚያርፉት ሐምሌና ነሐሴ ስለሆነ ጉዞውም ያኔ ይሆናል። በአብዛኛው ደጋ ይህ ድፍን ክረምት ነው። ወንዝ ይሞላል፣ መንገድ ይቆረጣል፣ ገበሬው አረም ላይ ነው። ያን ጭቃ ተሻግሮ መምጣት የማይችለው ደግሞ በጣም የታመመው ሰው ነው። ምርት ከገባ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ ሂዱ። የገበያ ቀን ከሆነማ ሕዝቡ ራሱ ይመጣል።

መድኃኒት በሻንጣ ማጨቅ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በእርዳታ የሚሰጥ መድኃኒት አገር ሲገባ ቢያንስ የ1 ዓመት የመጠቀሚያ ጊዜ ሊቀረው እንደሚገባ ይናገራል። ሊያልፍበት ሁለት ወር የቀረው የናሙና እሽግ ስጦታ አይደለም። ለማስገባትም ቀድሞ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ጉምሩክ ላይ ይቀራል። ከሁሉ የሚሻለው ጤና ጣቢያው የሚያውቀውን መድኃኒት እዚያው አገር ውስጥ መግዛት ነው።

የ30 ቀን ክኒን ሰጥቶ መሰናበት። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። አንዲት እናት ሌሊት ተነስተው በእግራቸው መጥተዋል እንበል። እንደደረሱ ግፊታቸው ሲለካ 160/100 ሆነ። ክኒን ተሰጣቸው። በ31ኛው ቀንስ? መጀመሪያ አረፍ ይበሉ፣ ደግማችሁ ለኩ፤ ቢቻል በሌላ ቀንም። ግፊቱ የእውነት ከሆነ በጤና ጣቢያው ካርድ ይውጣላቸው፣ መድኃኒቱም ከዚያ ሊቀጥሉት የሚችሉት ይሁን። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆናቸውንም ጠይቁ።

አወሳሰዱ ላይም ጣጣ አለ። ከውጭ የመጣች ነርስ ፓኬቱ ላይ «8:00» ብላ ከጻፈች፣ እኚህ እናት የሚውጡት ቀን 8 ሰዓት ላይ ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ። «ከምግብ ጋር» ከማለታችሁ በፊትም «እማማ፣ ጾም ይዘዋል?» በሉ። እስከ 9 ሰዓት እህል የማይቀምስ ሰው ከቁርስ ጋር የታዘዘለትን ክኒን አይውጥም።

ከሙያ ፈቃድ በላይ መሥራት። ዳላስ ውስጥ ጥርስ መንቀል የማይፈቀድለት ተማሪ ወላይታ ገጠርም አይፈቀድለትም። በጎ ፈቃደኛ መሆን ፈቃድ አይደለም። ሐኪሞቹም ቢሆኑ ጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ቀድመው ማውጣት አለባቸው። በተለይ ፊስቱላን (ከተራዘመ ምጥ የሚመጣ፣ ሽንት ወይም ሰገራ የሚያፈስ ቀዳዳ) አትሞክሩት። ጥሩ ውጤት የማግኘት ዕድሉ ሰፊ የሚሆነው በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ላይ ነው፤ ያ ከተበላሸ ቀጣዩ ይከብዳል። ፊስቱላን የሚያክመው ሐምሊን የተባለው ድርጅት አዲስ አበባ ካለው ሆስፒታሉ ሌላ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ማዕከላት አሉት፤ ሕክምናውም በነጻ ነው። ገንዘባችሁን ለታካሚዋና ለአስታማሚዋ ትራንስፖርት አውሉት።

አማርኛ ይበቃል ማለት። ሲዳማ ወይም ጋሞ ገጠር ላይ አይበቃም። ያኔ ቶሎ የሚገኘው አስተርጓሚ እንግሊዝኛ የሚሞክር ልጅ ነው። የትኛዋ እናት ናት ስለ ማህፀኗ በልጇ በኩል የምታወራ? ሴት አስተርጓሚ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጋር ተነጋግራችሁ ቀድማችሁ ያዙ።

ጸሎትን የካርድ ክፍያ ማድረግ። ወረፋው በስብከት ከጀመረ ሙስሊሟ እናት «ካልሰማሁ አያክሙኝም» ብላ ታስባለች። ማንም ይታከም፤ ጸሎት ለጠየቀ ይጸለይለት። ጠበል ላይ ያለውንም አትከራከሩት፤ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መጠመቅ እንደሚችል ንገሩት። የአጥቢያው ካህን ይህን ቢነግሩት ደግሞ ከእናንተ ይበልጥ ይሰማቸዋል።

የታካሚ ፎቶ ያለፈቃድ ፌስቡክ ላይ መለጠፍማ በፍጹም አይሆንም።

ሳያስረክቡ መውጣት። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በየቀበሌው ቤቱን ሁሉ የምታውቅ ሠራተኛ አለች። ከመጀመሪያው ቀን አብራችሁ አስቀምጧት። በመጨረሻው ቀን የታካሚውን ስም፣ ጎጥ፣ ልኬትና መድኃኒት የያዘውን መዝገብ ስጧት። ቀጠሮዎቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፉ፣ የአንድ ሐኪማችሁም ስልክ ገጹ ላይ ይኑር።