የስሮትል ፖዚሽን ሴንሰር ስትቀይሩ ብሎኑን ለማጥበቅ አትቸኩሉ

ስሮትሉ (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚከፍትና የሚዘጋው ክዳን) በገመድ የሚሳብ መኪና ላይ አዲስ ሴንሰር፣ ማለትም ስሮትሉ ምን ያህል እንደተከፈተ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግረውን ዕቃ፣ ስትገጥሙ የሴንሰሩን የብሎን ቀዳዳዎች እዩ። ሞላላ ከሆኑ ሴንሰሩ ማስተካከል ይፈልጋል። ብሎኖቹን ላላ አድርጋችሁ ሶኬቱን ሰኩ፤ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። በሲግናል ሽቦው (የሴንሰሩን መልእክት ወደ ኮምፒውተሩ በሚወስደው) እና በኔጌቲቩ መካከል ያለውን ቮልት በመልቲሜትር ለኩ። ስሮትሉ ተዘግቶ ሳለ በብዙ መኪኖች 0.5 ቮልት አካባቢ ይነበባል፤ የምታምኑት ግን የመኪናችሁን የጥገና መመሪያ ይሁን። ሴንሰሩን በትንሽ በትንሹ እያዞራችሁ ልኩ ላይ ሲደርስ አጥብቁና እባካችሁ ደግማችሁ ለኩ፤ ብሎን ሲጠብቅ ሴንሰሩን ይዞት ይዞራል። ከዚያ ስሮትሉን በእጃችሁ ቀስ እያላችሁ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ንባቡ ሳይቆራረጥ ወደ 4.5 ቮልት መውጣት አለበት። መሀል ላይ ድንገት ወረድ ብሎ ከተመለሰ፣ አዲስም ቢሆን ሴንሰሩ ብልሽት አለበትና ለሻጩ መልሱት።