ጀጎልን በእግር፦ ከድሬዳዋ ተነስቶ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት

ለሐረር አንድ ከሰዓት አይበቃም። ከድሬዳዋ እኩለ ቀን ላይ ተነስቶ ሲመሽ የሚመለስ ሰው የሚደርሰው ሙዚየሙ ለምሳ ሲዘጋ፣ ባለሱቁም ለበርጫ ሲቀመጥ ነው፤ ማታ ሥጋ የሚያጎርሷቸውን ጅቦች ደግሞ ጭራሽ አያያቸውም። ስለዚህ ከመነሻው ሌሊት ለማደር ይቁረጡ።

መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ አለፍ ይላል። ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ነውና ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ይድረሱ። የደንገጎ ዳገት ጠመዝማዛ ነው፤ መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ከፊት ይቀመጥ፣ ፈቲራውንም ሐረር ገብቶ ይብላ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ግን 1,900 ትጠጋለች። በድሬ ሙቀት ሹራብ መያዝ ቢያስቅም ማታ ላይ ይፈልጉታል። ዝርዝር ብርም ይያዙ፤ የየቤቱ መግቢያ ለየብቻ ስለሚከፈል በየበሩ መልስ ፍለጋ መቆም ይሰለቻል።

በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ሐረር፣ በጀጎል ውስጥ፣ እንግዳን የሚያስቸግረው አቅጣጫ ነው። በፈረንሳይ እንደ ሻርትር ያለ ጥንታዊ ከተማ የሄደ ሰው የካቴድራሉ ሁለት ግንቦች ከሩቅ ስለሚታዩት ብዙ አይጠፋም። ጀጎል እንዲህ ያለ ምልክት የላትም። 82 መስጊዶች አሏት፣ ነገር ግን አብዛኞቹ ትንንሽና በመኖሪያ ቤቶች መሃል የተሸሸጉ ናቸው። በሁለቱም ወገን ግንብ የቆመባት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሲገቡ የሚታየው ሰማይ ብቻ ነው። የስልክ ካርታም እዚያ ብዙ አይረዳም፤ ጎን ለጎን ያሉትን መተላለፊያዎች ያምታታል።

የሚያዋጣው በሮቹንና ተዳፋቱን መያዝ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራው ግንብ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፦ በሰሜን ፈላና በር፣ በምሥራቅ ኤረር በር፣ በደቡብ ምሥራቅ ሰንጋ በር፣ በደቡብ ምዕራብ ቡዳ በር፣ በሰሜን ምዕራብ ሸዋ በር። ሐረሪዎች በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም ይጠሯቸዋል፤ ሸዋ በር አስመዲን በሪ ነው፣ ኤረር በር ደግሞ አርጎ በሪ። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ኋላ የተከፈተ ስድስተኛ በር ነው። መሬቱ ባጠቃላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል። ሲጠፉ ሽቅብ ይውጡ፣ ወይም የመጀመሪያውን ሕፃን «ፈረስ መጋላ በየት ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ አደባባዩ ላይ ከደረሱ ወደ ሁሉም በር መንገድ አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባ ሰው በሐረር በር ይግባ። መናኸሪያው ሸዋ በር አጠገብ ስለሆነ በዚያው መግባት ያምራል፣ ነገር ግን የገበያው ግፊያ ገና ከበሩ ያደክማል። ከሐረር በር የሚነሳው ሰፊ መንገድ ቀጥ ብሎ ፈረስ መጋላ ያደርሳል። እዚያ የ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት ሰማዕታት መታሰቢያና የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አሉ። አስጎብኚ የሚይዙ ከሆነ መታወቂያውን ያሳይዎ፤ ዋጋውን በሰዓት ወይም በቀን ብለው ይቁረጡ፤ የየቤቱ መግቢያ በዋጋው ውስጥ መካተት አለመካተቱንም በቃል ያጣሩ። ከአስጎብኚ ጋር የሚነሳ ጭቅጭቅ አብዛኛውን ጊዜ እዚህች ላይ ነው።

ከፈረስ መጋላ ወደ ገበያው፣ ወደ ግድር መጋላ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ይውረዱ። መኪና የተባለው የልብስ ስፌት መኪና ነው፤ ሰፊዎቹ በራፍ ላይ ተደርድረው ሲረግጡት የሚወጣው ድምፅ ለመንገዱ ስም ሆነ። ጨርቅ ጠዋት ገዝተው ልክዎን ካሰጡ ቀላል ልብስ እስከ ማታ ሊደርስ ይችላል። ግድር መጋላ ሥጋ ከገዙ ፌስታሉን አንጠልጥለው አይሂዱ። እዚያ የሚያንዣብቡት ጭልፊቶች ከእጅ መንጠቅ ለምደዋል፤ ደረትዎ ላይ አቅፈው ይያዙት።

የራምቦ ቤትና የሸሪፍ ሙዚየም ከዚህ አይርቁም፤ ሁለቱንም ከ6 ሰዓት በፊት ይጨርሱ፣ ዓርብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ቀደም ይበሉ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 በቡና ንግድ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1891 እግሩን ታሞ ወጣ፣ በዚያው ዓመትም ማርሴይ ውስጥ ሞተ። የእንጨቱ ቤት እሱ ራሱ የኖረበት ነው ለማለት ያስቸግራል፤ የሕንድ ነጋዴ ሥራ ነው። ቢሆንም ባለቀለም መስታወቶቹና ከላይኛው ፎቅ የሚታየው የከተማዋ ጣሪያ የመግቢያውን ዋጋ ይክሳሉ። የሸሪፍ ሙዚየም በራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ ነው፤ አንድ ሰዓት ይመድቡለት።

የሐረሪ ቤት፣ ጌ ጋር፣ ሳያዩ ግን እንዳይወጡ። እንግዳ የሚያሳድሩም አሉ፤ ማደሪያዎን ከእነሱ ቢያደርጉ ይሻላል። ደጁ ላይ ጫማዎን ያውልቁና የት እንደሚቀመጡ እስኪነገርዎ ይቁሙ። ሳሎኑ ውስጥ ነደባ የሚባሉ አምስት ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉ፤ እያንዳንዱ ባለቤት አለው። በሩን ፊት ለፊት የሚያየው አሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ እንግዳ ዘሎ እዚያ ቢቀመጥ ማንም አይቆጣውም፣ ግን ሁሉም ያየዋል። መደቡ የሚቀባው በቀይ አፈር ነው፤ በጨለንቆ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ስፌቶች የእመቤቲቱ ኩራት ናቸውና ሳያስፈቅዱ አያውርዱ። መግዛት ከፈለጉ የሚሸጡትን ይጠይቁ። ስፌቱን ወደ ብርሃን አንስተው ይዩት፤ በዙሮቹ መካከል ብርሃን ካሳለፈ የተቸኮለበት ሥራ ነው።

መስጊድና የአውሊያ መቃብር ሳይጠይቁ አይገባም፣ ፎቶም እንደዚሁ። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ በቦርሳ ይያዙ። ከ8 ሰዓት በኋላ ከተማው ለበርጫ ዝም ሲል እርስዎም ሆጃ የሚባለውን ትኩስ መጠጥ ይጠጡና ይረፉ፤ ማታ ይነቃሉ።

ጅቦቹ የሚበሉት ከግንቡ ውጭ፣ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ነው። ከ1 ሰዓት ቀደም ብለው ይድረሱ። ባጃጁን ደርሶ መልስ ይያዙት፤ ሲጨርሱ አካባቢው ጨለማ ነው፣ ባጃጅም አይገኝም። የባጃጁ መብራትም ለማየት ይጠቅማል። ጅቦቹን ከሚያበላው ሰው ጋር ዋጋውን ጅቦቹ ሳይመጡ ይጨርሱ። እሱ እያንዳንዱን ጅብ በስም ይጠራል፤ ሥጋውን በአጭር እንጨት ጫፍ አድርጎ ያጎርሳል፣ ከዚያ እንጨቱን ለእርስዎ ይሰጣል። ሲቀበሉ አጠገቡ ይንበርከኩ፣ ክንድዎን ዘርግተው ሳያንቀጠቅጡ ይያዙ። ጅቡ ሲጠጋ እጅ መሰብሰብ ነው ችግር የሚያመጣው፤ ሥጋውን ተከትሎ ወደ ሰውነትዎ ይመጣል። አይሩጡ፣ ፍላሽም ሳይጠይቁ አይጠቀሙ።

ሐረር ሲሄዱ የሹዋሊድ በዓል ሰሞን ከሆነ፣ ማለት ከዒድ አልፈጥር በኋላ ያለው የስድስት ቀን ጾም ሲያልቅ፣ ማደሪያ አስቀድመው ይያዙ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ እንግዳው በዝቷል።

በማግስቱ ጠዋት ከኤረር በር ወጥተው ግንቡን በስተቀኝ አድርገው በሰንጋ በር፣ በቡዳ በር፣ በሐረር በር በኩል ይዙሩ። ቀስ ብሎ ለሚሄድ አንድ ሰዓት ይበቃል። ከግንቡ ግርጌ ትንንሽ ቀዳዳዎች ያያሉ፤ ዋራባ ኑዱል ይባላሉ፣ ትናንት ማታ ያጎረሷቸው ጅቦች ሌሊት ቆሻሻ ሊለቅሙ የሚገቡባቸው ናቸው። ሸዋ በር ሲደርሱ መናኸሪያው እዚያው ነው።